በሲሪያል ፋይል ስለመላክ ያላችሁን ጠይቁ (ጥያቄና መልስ)

ባለሶልደሩ፦ እንደምን አመሻችሁ የጎጃም ልጆች። ዛሬ ማታ ከኮምፒውተር ወደ አርዱይኖም ሆነ ወደ ኢኤስፒ (ፕሮግራም ወደሚጫንባቸው ትንንሽ ቦርዶች) በሲሪያል፣ ማለትም በሽቦ ቢት በቢት፣ ፋይል ስለመላክ የቸገረው ይጠይቅ፣ መብራት እስካለ አለሁ። በአዳፕተር የምታገናኙ መጀመሪያ ግራውንድ ከግራውንድ መገናኘቱን እዩ። ምን ቦርድ፣ በስንት ቦድ (በሰከንድ ስንት ቢት)፣ ፋይሉ ስንት ባይት፣ እሱን ጻፉ።

የመራዊ ልጅ፦ ጋሼ ቆጋ ላይ ለመስኖ ለሚተከል መቆጣጠሪያ የሳምንቱን የውሃ ፕሮግራም ከላፕቶፕ ወደ አርዱይኖ ኡኖ እልካለሁ፣ 6000 ባይት ነው፣ ኡኖው ኤስዲ ካርድ ላይ ይጽፈዋል። መጀመሪያው ደህና ይገባና መሀል መሀሉ ይጎድላል። 115200 ላይ ነኝ። ወደ 9600 ላውርደው?

ባለሶልደሩ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። አየህ፣ አንድ ባይት ከመጀመሪያና ከማብቂያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሆነ በ115200 በሰከንድ 11520 ባይት ይመጣብሃል። የኡኖ መቀበያ ባፈር (የመጣው ባይት እስኪነበብ የሚቆይበት ቦታ) ደግሞ 64 ባይት ነው፣ በ6 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይሞላል። ካርዱ 512 ባይት 512 ባይት እያደረገ ሲጽፍ አንዳንዴ 100 ሚሊሰከንድና ከዛም በላይ ያስጠብቅሃል፣ ያኔ የመጣው ሁሉ ሜዳ ላይ ይፈሳል፣ ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አታይም። 9600 ብታደርገው ባፈሩ በ67 ሚሊሰከንድ ስለሚሞላ ችግሩ ይቀንስልሃል እንጂ አይድንም፣ ካርዱ ከዛ በላይ ሲያስጠብቅህ ያው ይጎድላል። ፋይሉን ዝም ብላችሁ አትድፉት! ተቀባዩ "ደርሶኛል" ሳይል ቀጣዩ አይላክም። ለዚህ ዋርድ ክሪስተንሰን በ1977 የሰራው ኤክስሞደም የሚባለው የፋይል መላኪያ ደንብ ዛሬም ይበቃል። 128 ባይት ይልካል፣ ፊቱ ላይ 1 ቁጥር፣ ከዛ የፓኬቱ ተራ፣ ከዛ 255 ሲቀነስ ተራው፣ መጨረሻ ላይ ቼክሰም (ባይቶቹ እንዳልተበላሹ ማጣሪያ ቁጥር)። ተቀባዩ ደህና ከሆነ 6 ይመልሳል፣ ከተበላሸ 21፣ ላኪው ሲጨርስ 4 ይላል። አንተ እንግዲህ ፓኬቱን ራም ላይ ተቀብለህ፣ ካርዱ ላይ ጽፈህ ስትጨርስ ብቻ 6 ላክ፣ ካርዱ የፈለገውን ያህል ይቆይ ላኪው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቼክሰሙንም ተራ ድምር አታድርገው፣ ሁለት ባይት ቦታ ቢለዋወጡ አያውቅም፣ ቅደም ተከተሉንም የሚያጣራውን ሲአርሲ 16 ተጠቀም።

ፖሊ5ኛ፦ ይቅርታ ግን ኡኖ በ16 ሜጋኸርዝ 115200ን በትክክል አያወጣም፣ 2.1 በመቶ ይስታል፣ ችግሩ እሱ ቢሆንስ?

ባለሶልደሩ፦ መሳቱ ልክ ነው። ግን እሱ ቢሆን ፊደሉ ይበላሽ ነበር፣ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ አይጎድልም።

ዳንግሌው፦ ለ6 ኪሎ ይሄ ሁሉ ጣጣ? ካርዱን ነቅሎ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ መገልበጥ ነዋ

የመራዊ ልጅ፦ ሳጥኑ ውሃ እንዳይገባው ታሽጓል ወንድሜ፣ በሐምሌ ጭቃ መሀል ቆመህ 4 ብሎን ፍታና እይው

ማርቆሴ፦ ኢኤስፒ 32 አድርገህ በዋይፋይ ብትልክስ

ዳንግሌው፦ ማሳ ላይ ዋይፋይ ከየት መጣ 😂

ማርቆሴ፦ እሱ ራሱ ዋይፋይ ያወጣል እኮ፣ ራውተር ማን አለህ

ባለሶልደሩ፦ የዋይፋዩን ክርክር ሌላ ቀን። ቀጣይ።

ፍኖተ፦ እኔ ጋ አይሰራም ምን ላርግ

ባለሶልደሩ፦ ምኑ?

ፍኖተ፦ መላኩ

ባለሶልደሩ፦ ቦርድ፣ ቦድ፣ ባይት። ሦስቱን ጽፈህ ተመለስ።

የሞጣዋ፦ ጋሼ ለትምህርት ቤታችን የአማርኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ እየሰራሁ ነው። ማስታወቂያው 80 ፊደል ነው፣ ባፈሬን 100 አደረግሁት፣ ግን ግማሽ ሳይሞላ ይቆረጥና መጨረሻው ላይ የማይነበብ ነገር ይወጣል።

ባለሶልደሩ፦ አንች ልጅ በደንብ ጠየቅሽ። በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት በሚጻፍበት ስርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ባዶ ቦታው ግን 1። "ሰላም" 9 ባይት ይይዛል። 80 ፊደልሽ ወደ 240 ስለሚጠጋ 100 ላይ 33 ፊደል ገብቶ 34ኛው አንድ ባይቱ ብቻ ተርፎ ይቆረጣል፣ የማይነበበው እሱ ነው። በፓኬት ስትልኪም ያው ነው፣ 128 ለ3 አይካፈልም፣ ስለዚህ ፊደል ሁለት ፓኬት ላይ ተሰንጥቆ ሊያድር ይችላል። ሙሉው ሳይደርስ ወደ ፊደል አትቀይሪ፣ ባይቱን በባይትነቱ አስቀምጭው። ቅርጹን ደግሞ በ16 በ16 ነጥብ ብትስይው ለአንድ ፊደል 32 ባይት ነው፣ 300 ፊደል 9600 ባይት፣ ኡኖ ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት) ላይ ይገባል፣ ራም ላይ ግን እንዳትሞክሪው፣ ያለሽ 2048 ነው። ስክሪኑ ምንድን ነው?

የሞጣዋ፦ ባለ 16 በ2 ሰማያዊው

ባለሶልደሩ፦ እሱ አይሆንሽም። ከራስሽ የምትስይለት በአንድ ጊዜ 8 ቅርጽ ብቻ ነው። ነጥብ በነጥብ የሚሳልበት ስክሪን ፈልጊ።

ማርቆሴ፦ በፓይተን ፖርቱን ከፍቼ ስልክ የመጀመሪያዎቹ ባይቶች አይደርሱም

ባለሶልደሩ፦ ፖርቱ ሲከፈት ዲቲአር በሚባለው መስመር ኡኖው ሪሴት ይሆናል፣ ቡትሎደሩ (መጀመሪያ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም) እስኪያልፍ አንተ ልከህ ጨርሰሃል። ሰው 2 ሰከንድ ይጠብቃል፣ እኔ ግን ቦርዱ ራሱ "ዝግጁ ነኝ" እስኪል ጠብቅ እላለሁ። ኤክስሞደም ላይ የሚጀምረው ተቀባዩ ነው፣ ለቼክሰም 21፣ ለሲአርሲ 67 ይልካል።

ዳንግሌው፦ የድሮ ዴስክቶፕ አለኝ፣ ባለ 9 ፒኑን ቀጥታ ኡኖ ላይ ልሰካ?

ባለሶልደሩ፦ እንዳታደርገው! እዛ ላይ ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት ሊኖር ይችላል። ቮልቱን ለኡኖ የሚመጥን የሚያደርገውን ማክስ 232 ቺፕ መሀል አስገባ። ግራውንድም አትርሳ።

ፍኖተ፦ ኡኖ፣ 115200፣ 20 ኪሎባይት፣ ካርድ ላይ፣ መሀሉ ይጎድላል። 9600 ባደርገውስ?

ባለሶልደሩ፦ ኧረ በእግዚአብሔር! የመራዊውን ልጅ መልስ አንብበው።

የመራዊ ልጅ፦ ጋሼ ተሳካ፣ ሙሉው ገባ! ግን መጨረሻው ላይ 26 የሚል ባይት 16 ጊዜ ተደርድሯል።

ባለሶልደሩ፦ 6000 ማለት 46 ሙሉ ፓኬትና 112 ባይት ነው፣ መጨረሻውን ፓኬት 128 ለማድረስ 16 ሞላልህ፣ ኤክስሞደም እንዲህ ነው። የፋይሉን ርዝመት ፋይሉ ራስጌ ላይ ጻፈውና እሱን ያህል ብቻ አንብብ፣ ወይ የኤክስሞደምን ታናሽ ዋይሞደምን ተጠቀም፣ የፋይሉን ስምና ርዝመት በዜሮኛው ፓኬት ይልካል።