ከመብራቱ በፊት ሰክሽኑና መስኮቱ

ዶክተር፣ አዳማ ላይ ባለ ሁለት ወንበር የጥርስ ክሊኒክ ሊከፍቱ እንደሆነና የክፍሉን አየር ከጀርም ለማጽዳት የአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚሁ ከተማ 11 ዓመት እንደሠራ ባልደረባ፣ አይበቃም እላለሁ፤ ገንዘብዎን አስቀድመው ለጠንካራ ሰክሽን (ከአፍ ውኃና ጭጋግ ለሚስበው መሣሪያ) እና ለአየር መውጫ ያውሉት።

አየሩን የሚበክለው ጭጋግ የሚነሣው ከታካሚው አፍ ነው። የጥርስ እጥበት መሣሪያውና ፈጣኑ ድሪል ውኃውን ከምራቅና ከደም ጋር አድቅቀው ይረጩታል፤ ትልልቁ ጠብታ ወዲያው ደረትዎ ላይ ሲያርፍ፣ ረቂቁ ግን ታካሚው ከሄደ በኋላም አየር ላይ ይቆያል። ከንፈር ጥግ የሚንጠለጠለው ቀጭን ምራቅ መሳቢያ ይህን አይዝም። አፉ 8 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን ወፍራም ሰክሽን ረዳትዎ ከመሣሪያው ጫፍ አጠገብ ከያዘችው ግን አብዛኛውን ይስበዋል፤ ስለዚህ የረዳት ደመወዝን ከመሣሪያ ወጪ እኩል ይቁጠሩት። ለጥርስ መሙላትና ለሩት ካናል (ለጥርስ ሥር ሕክምና) ረበር ዳም፣ ማለትም ጥርሱን ከምራቅ የሚለየው ስስ የጎማ ሽፋን፣ አይለፍዎ።

የአዳማ ችግር ነፋስና አቧራ ሲነሣ መስኮት ዘግተን ኤሲ መክፈታችን ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ያንኑ የክፍሉን አየር ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ አያስገባም። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ በወንበሩ ራስጌ ዕጣን አጨስሁ፤ ጭሱ ወደ ኤሲው ወጥቶ፣ ዞሮ እኔ ከምቀመጥበት ቦታ ላይ ወረደ። ንጹሑ አየር ከጀርባዬ ገብቶ በታካሚው በኩል እንዲወጣ ወደ ውጭ የሚነፋ ማራገቢያ በጓሮው መስኮት ካስገባሁ በኋላ ግን ጭሱ በቀጥታ ሲወጣ አየሁ። እርስዎም ወንበር ከመትከልዎ በፊት ይሞክሩት። የክፍሉ አየር በሰዓት 6 ጊዜ ከተለወጠ 99 በመቶው ብናኝ እስኪወጣ 46 ደቂቃ፣ 12 ጊዜ ከተለወጠ 23 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ቀጠሮ ሲያቀራርቡ ይህን ያስቡ። ሳል የቆየበትን ሰው፣ ሕክምናው አስቸኳይ ካልሆነ፣ መጀመሪያ ለቲቢ ምርመራ ይላኩት።

የሚረሳው ውኃው ነው። በወንበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ባክቴሪያ ሽፋን ሠርቶ ይኖራል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ አንዲት የ82 ዓመት እናት ከጥርስ ወንበር ውኃ በተገኘ፣ ሳንባን በሚያጠቃው ሌጂዮኔላ በተባለ ባክቴሪያ ሞተዋል። በጣሪያ ሮቶ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ ውኃ በቀጥታ ወደ ወንበሩ አይልቀቁ። ለወንበሩ ውኃ የተለየ ጠርሙስ ይጠቀሙ፣ በየታካሚው መካከል ውኃውን በቱቦው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያፍስሱት፣ ቱቦውንም አምራቹ ባዘዘው መድኃኒት በየጊዜው ያክሙት።

መብራቱን ከዚህ ሁሉ በኋላ ከገዙ፣ ተራውን ዓይነት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ብቻ ያብሩት፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥላ ወዳለበት ቦታም አይደርስም።