ለሥጋም ለፀጉርም የትኛውን ጥንቸል ላዳቅል?

ጥያቄ፦ ሆለታ አካባቢ ነው የምኖረው። አራት ነጭ የኒውዚላንድ ሴት ጥንቸሎች አሉኝ፤ ወንድ ግን የለኝም። አንዱ ሰው የካሊፎርኒያ ወንድ፣ ሌላው የሬክስ ወንድ ሊሸጡልኝ ፈቅደዋል። ሦስተኛው ደግሞ “ፍሌሚሽ ጃይንት ካልሆነ ምን ዋጋ አለው” ይለኛል። ሥጋውንም ከነፀጉሩ ቆዳውንም መሸጥ እፈልጋለሁ። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ የካሊፎርኒያውን ይግዙ። ሬክሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለፀጉር ብለው ከእርስዎ ሴቶች ጋር ቢያገናኙት ግን በመጀመሪያው ውልድ የሚጠብቁትን አያገኙም።

ሬክስ በ1919 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የተገኘ ዝርያ ነው። በሌሎች ጥንቸሎች ላይ ከለስላሳው ፀጉር አልፎ የሚወጣው ሸካራ ፀጉር በሬክስ ላይ አጥሮ ከሥረኛው እኩል ይሆናል፤ ሲዳብሱት ከፋይ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህ ባሕርይ ግን ድብቅ ነው። ግልገሉ ከእናትም ከአባትም ካልወረሰው አይታይም። ስለዚህ የእርስዎ ሴቶች ከሬክሱ የሚወልዷቸው ሁሉ ተራ ፀጉር ይዘው ይወጣሉ። ከነዚህ ሴቶቹን አስቀርተው ዝምድና ከሌለው ሌላ የሬክስ ወንድ ጋር ካገናኟቸው ግማሽ ያህሉ ግልገል ሬክስ ይሆናል። ወንድምና እህት ቢያገናኙ ግን ከአራት አንድ ነው፣ ያውም የዝምድና ርቢ ጣጣ ተጨምሮበት። የኒውዚላንዷ ንጣትም ድብቅ ነውና ሬክሱ ባለቀለም ከሆነ ግልገሎቹ ግራጫ ወይም ጥቁር ቢሆኑ ሌላ ወንድ ገብቶባቸዋል ብለው አይጠርጥሩ።

የካሊፎርኒያው ሽንጡና ታፋው የሞላ፣ አጥንቱ ቀጠን ያለ ነው። የኒውዚላንድ ሴት ደግሞ ብዙ ትወልዳለች፤ ወተቷም ጥሩ ነው። የሁለቱ ዲቃላ በአብዛኛው ነጭ ሆኖ አፍንጫውና ጆሮው ላይ ጠቆር ይላል። ጥሩ መኖ ካገኘ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ 2 ኪሎ ይደርሳል። በሣርና በፉርሽካ ብቻ ከሆነ ግን ይዘገያል። ዲቃላዎቹን ለሥጋ ያውጡ፤ እናቶችን ለመተካት ሌላ ንጹሕ የኒውዚላንድ ወንድ ያስፈልግዎታል።

ፍሌሚሽ ጃይንት ከ6 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ዓይን ይሞላል። ግን ዘግይቶ ይደርሳል፣ አጥንቱ ከባድ ነው፣ ብዙ ይበላል። በሽቦ ወለል ላይ ካዋሉት የኋላ እግሩ መርገጫ ይቆስላል። እኔ ብሆን አልገዛውም።

ዋናው ችግርዎ ግን ከዝርያው ይልቅ ዕድሜው ላይ ነው። ለሥጋ በሚታረድበት ዕድሜ ቆዳው ስስ፣ ፀጉሩም ገና የልጅነት ነው፤ እየረገፈ በሌላ ይተካል። ለፀጉር የሚሆን ቆዳ የሚገኘው ከአምስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የመኖው ወጪ ይጨምራል፤ ሥጋውም ይጠነክራል። ስለዚህ አብዛኞቹን በጊዜ ለሥጋ ይሽጡ፤ ፀጉራቸው የሚያምረውን ጥቂቶቹን ብቻ ያቆዩ። ደርሰው እንደሆነ ለማወቅ ጀርባና ጎን ላይ ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ እፍ ይበሉ። ሥሩ ላይ አዲስ አጭር ፀጉር እየወጣ ከታየ፣ ወይም በጣትዎ ሳብ ሲያደርጉት በቀላሉ ከተነቀለ ይቆዩ። በብርድ ወቅት ፀጉሩ ይበልጥ ጥቅጥቅ ይላል፤ የሆለታ ብርድ ለዚህ ይጠቅምዎታል።

ወንዱን ሲገዙ ጥርሱ የተገጣጠመ፣ የጆሮው ውስጥ እከክ የሌለው፣ ሁለቱም ቆለጦቹ የወረዱ መሆናቸውን ይመልከቱ። ለማገናኘት ሴቷን ወደ ወንዱ ቤት ይውሰዱ፤ ወንዱ ወደ እርሷ ቢሄድ ልትጣላው ትችላለች። እርግዝናው ወደ 31 ቀን ነው፤ በ28ኛው ቀን የመውለጃ ሳጥኗን ከጭድ ጋር ያስገቡላት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ገዢ ያነጋግሩ። የጥንቸል ሥጋ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ቤት እንደማይገባ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሆቴሎችንና የውጭ ዜጎች የሚበዙባቸውን ምግብ ቤቶች ይጠይቁ። የእኛ ቆዳ ፋብሪካዎችም በአብዛኛው የለመዱት የበግና የፍየል ቆዳን ፀጉሩን አስወግደው ማልፋትን ነው። ከነፀጉሩ የሚያለፋልዎት ሰው ካላገኙ ያቆዩዋቸውን ጥንቸሎች በመኖ ብቻ ማሳደር ይሆንብዎታል።