ጠይቁን፦ ዲስኩ በድራማ ሞልቷል፣ የሚያየው ግን የለም

ጥያቄ፦ ሁለት ተከታታይ ድራማ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ የእሑዱን የሦስት ሰዓት ዝግጅት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሁለት ኳስ በሪሲቨሩ እቀዳለሁ። አምና የገዛሁት 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሞላ። 2 ቴራ ልግዛ ወይስ ሪሲቨሩን ልቀይር? — የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሁለቱንም አይግዙ። መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። እያንዳንዱ የድራማ ክፍል 45 ደቂቃ ቢሆን ሁለቱ ድራማዎች በሳምንት 7 ሰዓት ተኩል ይወስዳሉ። የእሑዱ 3 ሰዓት፣ ኳሱ 4 ሰዓት ሲጨመር 14 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሥራና ልጆች ላለበት ሰው ለተቀዳ ነገር የሚተርፈው ጊዜ በሳምንት 6 ሰዓት ቢሆን እንኳ ደህና ነው። ስለዚህ ያዩትን እየሰረዙም ቢሆን በየሳምንቱ 8 ሰዓት ተኩል ይጠራቀማል።

አሁን ወደ ጊጋባይት እንምጣ። የጣቢያውን ፍጥነት በሴኮንድ ሜጋቢት ወስደው በ450 ቢያባዙ የአንድ ሰዓት ቅጂ ስንት ሜጋባይት እንደሚይዝ ያገኛሉ። በ3 ሜጋቢት የሚተላለፍ ተራ ጣቢያ በሰዓት 1.35 ጊጋ፣ በ6 ሜጋቢት የሚተላለፍ ኤችዲ ደግሞ 2.7 ጊጋ ይበላል። ሲደባለቅ 2 ጊጋ ብንል 1 ቴራ ወደ 500 ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። 500ን ለ8.5 ሲያካፍሉት 59 ሳምንት ይመጣል፤ የእርስዎ ዲስክም የሞላው በዚያው ገደማ ነው። 2 ቴራ ገዝተው የሞላውን ቢያዛውሩበት ሌላ 59 ሳምንት ያህል ይጨምርልዎታል እንጂ ሌላ የሚለውጠው የለም። ዛሬ መቅዳት ቢያቆሙ እንኳ ያለውን አይቶ ለመጨረስ በሳምንት 6 ሰዓት ሂሳብ 83 ሳምንት ያስፈልግዎታል።

በካሴት ዘመን ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። ኢ-180 የሚባለው የቪኤችኤስ ካሴት 3 ሰዓት ብቻ ስለሚይዝ አዲስ ለመቅዳት አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነበር። ዲስኩ ያንን ግዴታ ስላነሳው አሁን ግዴታውን ራስዎ መፍጠር ይኖርብዎታል።

ከታይመሩ ዝርዝር፣ ማለትም ሪሲቨሩ በሰዓቱ ራሱ እንዲቀዳ ከሞሉት ቀጠሮ ይጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ጊዜ ተሞልቶ የተረሳ ተደጋጋሚ ታይመር ነው። «በየቀኑ» ተብሎ የተሞላ ታይመር ድራማው በማይተላለፍባቸው በቅዳሜና እሑድም ይቀዳል፤ በሳምንት ሁለት ክፍል የሚያህል ቦታ በከንቱ ይሄዳል ማለት ነው። ሪሲቨሩ «ከሰኞ እስከ ዓርብ» የሚል ምርጫ ካለው ወደዚያ ይቀይሩት፤ ከሌለው አምስት ሳምንታዊ ታይመሮች ይሙሉ። በጣቢያው ዩቲዩብ ላይ የሚጫን ዝግጅት ካለም ታይመሩን ያጥፉት። ብዙ የሀገራችን ጣቢያዎች ድራማና መዝናኛቸውን ስለሚጭኑ፣ ሊቀዳ የሚገባው በኋላ የማይገኘው ነው፦ ቀጥታ ኳስ፣ የበዓል ልዩ ዝግጅት፣ ዘመድ የታየበት ፕሮግራም።

ቀጥሎ ስረዛ። ውጤቱን ያወቁት ኳስና ሦስት ቀን ያለፈው ዜና ያለ ምንም ክርክር ይሂድ። ከ20 ክፍል በላይ ወደ ኋላ የቀሩበት ድራማ ላይ ግን ሰው ይሳሳል፤ ሆኖም 20 ክፍል 15 ሰዓት፣ ማለትም የእርስዎ ሁለት ሳምንት ተኩል ነው፣ እስከዚያም ሌላ 12 ክፍል ይደርስብዎታል። በእኛ አስተያየት ከመጨረሻው ክፍል ጀምሮ መከታተል ይሻላል፤ ያመለጠውን እህት ወይም ጎረቤት በአምስት ደቂቃ ትነግርዎታለች።

ሲሰርዙ በሪሲቨሩ በራሱ ይሁን። በኮምፒውተር ከሆነ ግን የቅጂውን ፎልደር በሙሉ ያጥፉ፤ ትልቁ የቪዲዮ ፋይል ጠፍቶ ትናንሾቹ ከቀሩ በዝርዝሩ ላይ የማይከፈት ስም ይቀራል። ከሃርድ ዲስክ የተሰረዘ ነገር መጀመሪያ የሚገባው ወደ ኮምፒውተሩ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ስለሆነ እሱንም ባዶ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ዲስኩ ባዶ መስሎ ሪሲቨሩ «ቦታ የለም» ይላል።

በመጨረሻ ዲስኩን ከሪሲቨሩ ነቅለው በምትኩ 64 ጊጋ ፍላሽ ይሰኩ። ወደ 30 ሰዓት ይይዛል፣ ማለትም የእርስዎ አምስት ሳምንት። ሲሞላ መቅዳት ያቆማል፤ እንዲያቆምም ነው የተሰካው። ትልቁ ዲስክ ለዘለቄታው የሚቀመጡት ብቻ ማረፊያ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምር ድራማ ታይመሩ ላይ 02:00 ብዬ ሞላሁ። ጠዋት ስከፍተው የተቀዳው ሌላ ዝግጅት ነው። ሪሲቨሩ ተበላሽቶ ነው? — ከደሴ

መልስ፦ ደህና ነው፤ ያዘዙትን በትክክል ቀድቷል። የሪሲቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ 02:00 ለእሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 12 ሰዓት ባለው ላይ 6 ይደምሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት 15:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ይደምሩ፤ የእርስዎ ድራማ 20:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 00:00 ሲሆን ከዚያ በኋላ ባለው ላይ 6 ይቀንሱ። እዚህ ላይ ቀኑም ይለወጣል፦ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚተላለፍ ነገር በሪሲቨሩ የሚሞላው ሰኞ ተብሎ ነው።

የሰዓት ቀጠናው +3 መሆኑን ያረጋግጡ። አዲስ አበባ በዝርዝሩ ከሌለ ናይሮቢን ይምረጡ፣ አንድ ነው። የበጋ ሰዓት (ሰመር ታይም ወይም ዲኤስቲ) የሚለውን ምርጫ ያጥፉት። የአውሮፓ ቀጥታ ዝግጅት የሚቀዱ ከሆነ ደግሞ እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት አጋማሽ ገደማ (በፈረንጆቹ የማርችና የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ) ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ሳምንታዊው ታይመር ከእነዚያ ቀናት ጀምሮ በአንድ ሰዓት ይሳሳታል። ለማንኛውም ከመጀመሪያው 5፣ ከመጨረሻው 10 ደቂቃ ትርፍ ይስጡ። ለኳስ 30 ደቂቃ ይስጡ፤ ጭማሪ ሰዓት ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ እየቀዳ እያለ መብራት ጠፋ። ስሙ አለ፣ ሲከፈት ግን 0 ደቂቃ ይላል። — ከጅማ

መልስ፦ ፎርማት እንዳያደርጉት። ሪሲቨሩ የቅጂውን ርዝመትና ማውጫ የሚጽፈው ሲዘጋው ነው፤ መብራቱ ቀድሞ ሲሄድ ማውጫው ሳይጻፍ ቀረ። ምስሉ ግን ዲስኩ ላይ ሊኖር ይችላል። የሳተላይት ቅጂ 188 ባይት በሆኑ ትናንሽ ጥቅሎች የተሠራ ስለሆነ መሃሉ ላይ ቢቆረጥም እስከተቆረጠበት ድረስ ይታያል። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ሰክተው መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡና ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ይሞክሩ። መጠኑ 0 ከሆነ የዊንዶውስን የዲስክ ስህተት መፈተሻ ያስኪዱ፤ አንዳንድ ጊዜ የጠፋውን ቁራጭ ይመልሳል።

ለወደፊቱ፣ ሪሲቨሩ ቅጂን በየ30 ደቂቃው የመከፋፈል ምርጫ ካለው ይክፈቱት፤ የሚጠፋው ያለፈው ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሪሲቨሩ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ለዋይፋይ የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይበቃዋል፣ ግን በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አምፒር አስቀድመው ያስተያዩ። ዲሽና ዲስክ ሲጨመር 1 አምፒር የሚሰጥ ዩፒኤስ ይደክማል። መብራት ሲመለስ ደግሞ አንድ ጣቢያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ሰዓታቸውን የሚያገኙት ከሳተላይቱ ስለሆነ ሰዓቱ ሳይመለስ ታይመሩ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ሃርድ ዲስኩ ሲሰካ «ጠቅ ጠቅ» ይላል እንጂ አይነበብም። ኮምፒውተር ላይ ግን ይሠራል። — ከሐዋሳ

መልስ፦ ኃይል አንሶት ነው። ተራ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው ግማሽ አምፒር ነው፣ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ግን ከዚያ በላይ ይስባል። የራሱ ቻርጀር ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ መሃል ያስገቡ። በዚህ ሁኔታ ደጋግመው አይሞክሩት፤ ዲስኩን የሚገድለው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥኑ በራሱ የቀዳሁትን ለወንድሜ በፍላሽ ሰጠሁት፤ በእሱ ቤት አልከፈት አለ። — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚቀዱትን ይቆልፉታል፤ የሚከፈተው በዚያው ቴሌቪዥን ብቻ ነው። መፍትሔው በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በሪሲቨሩ መቅዳት ነው። ሪሲቨር ነፃ ጣቢያ ሲቀዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቲኤስ የሚባል ክፍት ፋይል ነው። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ ስለማይችል ረጅም ዝግጅት በሁለትና ሦስት ቁራጭ ይቀዳል፤ ሲሰጡ ሁሉንም ይስጡ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። በዩቲዩብ ቲቪ (ቴሌቪዥን በኢንተርኔት የሚያሳይና የሚቀዳ አገልግሎት) ሁሉንም ነገር ቀድቻለሁ፣ ዲስክ ስለሌለው አይሞላም። ችግር አለው? ሕጉስ ምን ይላል? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ዲስክ ባይኖረውም ቀነ ገደብ አለው። እዚያ የተቀዳ ነገር የሚቆየው 9 ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ አዩትም አላዩትም ይጠፋል። የመረጡት ተከታታይ ድጋሚ ስርጭቱም ስለሚቀዳ ዝርዝሩ ከእውነተኛው በላይ ረጅም ይመስላል። የማያዩትን ከዝርዝሩ ማውጣት በቂ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በሶኒና በዩኒቨርሳል ስቱዲዮዎች ክርክር 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ነፃ ስርጭትን በኋላ ለማየት ቢቀዳ ሕጋዊ ነው ብሏል። ፍርዱ ያረፈው አብዛኛው ሰው የሚቀዳው በኋላ አንድ ጊዜ ለማየት ነው በሚለው ላይ ነበር። የቀዱትን በቴሌግራም ማሰራጨት ወይም መሸጥ በዚህ አይሸፈንም።