ዲግሪ ይዤ ወደ ሰርተፊኬት ልመለስ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን፣ እንደምን ነዎት? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተምሬ ተመርቄያለሁ። ከዚያም በአንድ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት 4 ዓመት ሠርቻለሁ። በባለቤቴ በኩል ቶሮንቶ ከመጣሁ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። በቅርቡ አንድ ኮሌጅ የ1 ዓመት የሕዝብ ግንኙነት ሰርተፊኬት እንደሚሰጥ አየሁና ልቤ ተነሣሣ። ለአባቴ በስልክ ስነግረው ግን ዝም አለ። ቆይቶ «ዲግሪሽን ይዘሽ ወደ ሰርተፊኬት?» አለኝ። 31 ዓመቴ ነው። እንግሊዝኛዬም እንደምፈልገው አይደለም። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? (ከስካርቦሮ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአባትሽ ዝምታ ይገባኛል። እኛ አገር ሰርተፊኬት ሲባል ከዲፕሎማም በታች ያለ ወረቀት ነው። ድሮ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ በ1 ዓመት ይዞት የሚወጣው ማለት ነው። እናቴ በዚያ ወረቀት ነው ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው። ስለዚህ ቃሉን በንቀት አላየውም። ግን እዚህ አገር ቃሉ የያዘው ሌላ ነገር ነው።

እኛ ባለንበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ኮሌጆች የሚሰጡት ሰርተፊኬት አንድ ዓይነት አይደለም። ሃይስኩል ለጨረሰ ሰው የሚሰጥ የ1 ዓመት ሰርተፊኬት አለ። ከሱ በላይ የ2 ዓመት ዲፕሎማና የ3 ዓመት አድቫንስድ ዲፕሎማ አሉ። ግራጁዌት ሰርተፊኬት የሚባለው ደግሞ ለብቻው ነው። በአብዛኛው ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ የሌለው ሰው አይገባበትም። በሕዝብ ግንኙነት የሚሰጡት ብዙዎቹ የ1 ዓመት ፕሮግራሞች የዚህ ዓይነት ናቸው። እና መጀመሪያ የፕሮግራሙን ሙሉ ስም አንብቢ። «ግራጁዌት» የሚል ቃል ካለበት ዲግሪሽ ነው የሚያስገባሽ፤ አልወረድሽም። ከሌለበት ግን አትቸኩዪ። ባሕር ዳር የተማርሽውን ከፍለሽ መልሰሽ ልትማሪ ትችያለሽ።

እኔ የሕዝብ ግንኙነት ግራጁዌት ሰርተፊኬት ልማር የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። 39 ዓመቴ ነበር። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጡ ልጆች ናቸው። ትምህርቱ 2 ሴሚስተር ሆኖ መጨረሻው ላይ ፕሌስመንት አለው፤ ማለትም እውነተኛ ቢሮ ገብተሽ ለጥቂት ሳምንታት ትሠሪያለሽ። ለሚዲያ መጻፍ፣ ከጋዜጠኞች ጋር መሥራት፣ ዝግጅት ማቀድ፣ ጥቂት ዲዛይን፣ ጥቂት ቪዲዮ ይሰጣል። ንድፈ ሐሳቡን አንቺ አገር ቤት ጨርሰሽዋል። እዚህ የምታገኚው በየሳምንቱ ጽሑፍሽን አንብቦ የሚመልስልሽ ሰው ነው። እኔን የለወጠኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራችን የክረምት ካፖርት ስለሚያሰባስብ አንድ በጎ አድራጎት ጋዜጣዊ መግለጫ መጻፍ ነበር። ጥሩ አድርጌ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። በድርጅቱ ታሪክ ጀመርኩ። ከዚያ የሊቀመንበሩን ስምና ሹመት አስከተልኩ። ካፖርቱ የት፣ መቼ እንደሚሰጥ 4ኛው አንቀጽ ላይ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ሌላውን ሁሉ አልነካችውም። 4ኛውን አንቀጽ በእስክሪብቶ ከበበችና እስከ ገጹ አናት ድረስ ረጅም ቀስት ሳበችበት። ያን ወረቀት ዛሬም አልጣልኩትም።

ይህ ልማድ አንቺም ጋ ይኖራል ብዬ ነው የምነግርሽ። ወረዳ ላይ ዜና ስትጽፊ «የወረዳው ዋና አስተዳዳሪ አቶ እገሌ እንዳስታወቁት» ብለሽ አልነበር የምትጀምሪው? ውሃ የሚቋረጥበት ቀን መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቋንቋችንም ግሱን ለመጨረሻ ያቆያል፤ ደብዳቤያችንም ከሰላምታ ይጀምራል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፣ ደስ የሚል ወግ ነው። ግን ካፖርት የሚያስፈልጋት እናት እስከ 4ኛው አንቀጽ አትደርስም። የተገለበጠ ፒራሚድን፣ ማለትም ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጠውን የዜና አጻጻፍ፣ ለፈተና ሸምድጄው አውቃለሁ። የገባኝ ግን ያ ቀስት ከተሳለብኝ በኋላ ነው።

ሌላ ከልቤ ያልወጣ ትምህርት አይቪ ሊ የሚባል አሜሪካዊ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የዚያን ጊዜ ኩባንያዎች አደጋ ሲደርስ ወሬውን ማፈን ነበር ልማዳቸው። ሊ ግን በባቡር ድርጅቱ ስም የሆነውን ነገር ጽፎ ለጋዜጠኞች ሰጠ። የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ እየተባለ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ክፍል ውስጥ ስንወያይበት እኔ የማስበው ሠርቼባቸው ስለነበሩ ቢሮዎች ነበር። መጥፎ ዜና በመጣ ቁጥር ስልክ የማይነሣባቸው ቢሮዎች። ሥራችን ስልኩን ማንሣት እንደሆነ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ስለ እንግሊዝኛሽ ልንገርሽ። አገር ቤት የተማረ ሰው አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ሊጠየቅ ይችላል፤ ለእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ 6.5 ነው የሚፈልጉት። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግሽ የተራቀቀ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። የካናዳ የዜና ወኪል የሆነው የካናዲያን ፕሬስ የአጻጻፍ ደንብ አለ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለውን ቁጥር በፊደል፣ ከ10 ጀምሮ በአኃዝ መጻፍን የመሰለ ነው። መግለጫው ሲያልቅ ግርጌው ላይ -30- ይደረጋል፤ «አለቀ» ማለት ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉትም ልጆች ይህን ከዜሮ ነበር የሚማሩት። እኩል ነበርን።

አማርኛሽን ደግሞ እቤት ትተሽው እንዳትሄጂ። ፕሌስመንቴ አንድ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ነበር። ያን ጊዜ ኦንታሪዮ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆነ ሰዎች በየ2 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከር ነበር። መመርመሪያው ዕቃ በፖስታ እቤታቸው ድረስ ይመጣል። ጣቢያው ስለዚህ በአማርኛ የታተመ ወረቀት ነበረው። ርዕሱ ላይ «የካንሰር ማጣሪያ» ይላል። ወረቀቱን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ከቅዳሴ በኋላ ለሦስት እናቶች አሳየሁ። አንዷ «ልጄ፣ ይኼ የውሃ ማጣሪያ ነው?» አሉኝ። ሌላዋ ዕቃው ደርሷቸው ምን እንደሆነ ስላልገባቸው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል። ሦስተኛዋ ናቸው «ሳያምሽ በፊት ተመርመሪ ማለት ነው በሉና» ያሉት። «ሳያምዎ ይመርመሩ» ብለን ቀየርነው። አለቃዬ ይህን ስነግራት ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ያንን ቢሮ ውስጥ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። በወረዳ 4 ዓመት ከገበሬ ጋር ያወራሽ ሰው ነሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ሰዓቱ። ቋሚ ነዋሪ ከሆንሽ የክፍለ ሀገሩን የተማሪዎች ዕርዳታ፣ ኦሳፕን፣ መጠየቅ ትችያለሽ። ከመመዝገብሽ በፊት የኮሌጁን የፋይናንስ ቢሮ አነጋግሪ። ሙሉ ቀን እየተማርሽ የሌሊት ሺፍት አትቀጥዪ። እኔ 6 ሳምንት ሞክሬው ባቡር ውስጥ እንቅልፍ እየወሰደኝ ከፌርማታዬ አልፌ እሄድ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ወደሚሠራበት አስቀይሪ። ካልሆነ ማታ ማታ በትርፍ ሰዓት የሚሰጠውን ፈልጊ፤ ይረዝማል እንጂ ያልቃል። የግል ማሠልጠኛ «በ4 ወር እናስመርቅሻለን» ካለሽ ፕሌስመንት አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለው አልመክርሽም። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ፕሌስመንት ላይ በተዋወቅኋት ሰው በኩል ነው። እሱም የ6 ወር ኮንትራት ነበር። ቋሚ ሥራ የመጣው ዓመት ቆይቶ ነው፤ ይህንንም አውቀሽ ግቢ።

በመስከረም ለሚጀምረው ትምህርት፣ ለፎል፣ ማመልከቻ በእኩል ዓይን የሚታየው እስከ ፌብሩዋሪ 1 የገባው ነው፤ ጥር 24 አካባቢ ማለት ነው። የዲግሪሽ ግምገማ፣ ማለትም ዲግሪሽ እዚህ አገር ከሚሰጠው ጋር የሚመዘንበት ሥራ፣ ግን ከዚያ በፊት መጀመር አለበት። ለግምገማው ትራንስክሪፕትሽን ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልክ ይፈለጋል። ባሕር ዳር ሬጅስትራር ሄዶ የሚጠይቅልሽ ሰው ያስፈልግሻል። አባትሽን ለምኚያቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁሽም፣ ዲግሪሽን ካላዩ እንደማያስገቡሽ ንገሪያቸው።