ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አልፎ አልፎ እምቢ ይላል

ጥያቄ፦ ነዳጅ በኢንጀክተር የምትረጭ የቤንዚን መኪና አለችኝ። ጠዋት ቁልፉን እንዳዞርኩ ወዲያው ትነሳለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቼ ለጉዳይ አቁሜያት ከሩብ ሰዓት በኋላ ስመለስ ግን ሞተሪኖው እንደ ወትሮው በኃይል እያዞረ ሞተሩ አይነሳም። አርባ ደቂቃ ያህል ከጠበቅኩ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። እስካሁን ባትሪው፣ ካንዴላዎቹና የነዳጅ ፊልትሮው ተቀይረዋል። በኮምፒውተርም ታይታ «ምንም የብልሽት ኮድ የለም» ተብያለሁ። አሁን ደግሞ መካኒኩ የነዳጅ ፓምፑን እንድቀይር እየመከረኝ ነው። ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩ፤ ቢያንስ ሞተሩ እምቢ ባለበት ሰዓት ጥቂት ነገሮችን ሳያዩ አይቀይሩ። ባትሪው፣ ካንዴላዎቹና ፊልትሮው የተቀየሩት መኪናዋ ጋራዥ ድረስ በራሷ ሞተር በሄደችበት ቀን ነው፤ በደኅና ጊዜዋ የተመረመረች መኪና ደግሞ ደኅና ሆና ትገኛለች። እንዲህ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የሚያዘው እጅ ከፍንጅ ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት መኪናዋ አጠገብ የሚገኙት እርስዎ እንጂ መካኒክዎ ስላልሆኑ የምርመራው ግማሽ የእርስዎ ሥራ ነው ማለት ነው።

ደብዳቤዎ ራሱ ብዙ ነገር ያጣራል። ሞተሪኖው በኃይል የሚያዞር ከሆነ የባትሪ ድካም ዋናው ተጠርጣሪ አይሆንም። የታይሚንግ ቺንጋ ቢበጠስ ወይም የሲሊንደሮቹ እመቃ ቢወድቅ አርባ ደቂቃ ማረፍ አያድነውም። የሚቀረው ከሙቀት ጋር የሚመጣና ሙቀቱ ሲበርድ የሚሄድ ብልሽት ነው፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠባይ ነው።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን የሳበው «ከሩብ ሰዓት በኋላ» ያሉት ቃል ነው። ብዙ ሰው በኮፈኑ ሥር ያለው ዕቃ ሁሉ እጅግ የሚሞቀው መኪናዋ ስትነዳ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ይቆማል፣ በራዲያተሩ በኩል የሚገባው ነፋስም ይቋረጣል፤ በብረቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ግን አለና በዙሪያው ወዳሉት ሴንሰሮች፣ ገመዶችና የነዳጅ ቱቦዎች ይሸጋገራል። ስለዚህ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባሉት አሥርና ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ እነዚህ ዕቃዎች በጉዞ ላይ ከነበራቸው የበለጠ ይሞቃሉ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆማ የምትነሳ፣ ሩብ ሰዓት ቆማ እምቢ የምትል፣ አንድ ሰዓት ቆማ ደግሞ የምትነሳ መኪና አመለኛ ሳትሆን ይህንኑ የሙቀት ሕግ የምትከተል ናት።

በዚህ ጠባይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የክራንክሻፍት ሴንሰሩን ነው። ይህ ሴንሰር ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር አብሮ ከሚዞር ጥርሳም ዲስክ ፊት ለፊት ተተክሎ ጥርሶቹ ባለፉ ቁጥር ምልክት ይልካል። በብዙ መኪኖች ዲስኩ ለ60 ጥርስ ተከፋፍሎ ሁለቱ ሆን ተብለው ተትተዋል፤ ኮምፒውተሩ ክፍተቷ ስታልፍ ፒስተኖቹ የት እንዳሉ ያውቃል። ምልክቱ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን እንኳ አያውቅምና ለካንዴላዎቹ እሳት፣ ለኢንጀክተሮቹም ትእዛዝ አይልክም። በውስጡ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ዓይነት ከሆነ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በብርድ ይገጥማል፣ በሙቀት ደግሞ ይከፈታል። አርባ ደቂቃ የጠበቁት ይህ ስንጥቅ እስኪገጥም ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ኮዱ የት ሄደ?» ይሉኝ ይሆናል። ለኮምፒውተሩ ምልክት የማይልክ ሴንሰርና የቆመ ሞተር አንድ ናቸው። ብዙ ሲስተሞች ፒ 0335 የሚባለውን ኮድ የሚመዘግቡት የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሴንሰር «እየዞርን ነው» እያለ የክራንክሻፍቱ ሲጠፋ፣ ያውም ለተወሰነ ጊዜ ሲቆይ ነው፤ ለአራትና ለአምስት ሰከንድ ብቻ አዙሮ ለሚተው ሰው ኮዱ ላይመዘገብ ይችላል። ስለዚህ «ኮድ የለም» የሚለው መልስ «ሴንሰሩ ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ድርሻ እንምጣ። ዛሬ፣ መኪናዋ ደኅና ሳለች፣ ሬዲዮውን ዘግተው ሁለት ነገሮችን ይልመዱ። ቁልፉን ሞተሪኖውን ወደማያዞርበት የመጨረሻ ቦታ ሲያደርሱት ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከነዳጅ ታንከሩ በኩል ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ዝዝዝ ብሎ የሚቆም ድምፅ ያዳምጡ፤ ይህ የነዳጅ ፓምፑ ግፊት ሲሞላ ነው። ቀጥሎ ሞተሪኖው ሲያዞር የአርፒኤም መርፌውን ይመልከቱ። በብዙ መኪኖች መርፌው ከዜሮ ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ 200 እና 300 ባለው መካከል ይንቀጠቀጣል፤ በአንዳንዶች ግን ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ጨርሶ አይነቃነቅም። የእርስዎ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነች አስቀድመው ካላወቁ፣ በችግሩ ቀን የሚያዩት ነገር ትርጉም አይኖረውም።

እምቢ ባለች ቀን እነዚህን ሁለት ነገሮች በቅደም ተከተል ያስተውሉ። ፓምፑ እንደ ወትሮው ድምፁን አሰምቶ ቆሞ፣ ሲያዞሩ ግን ደኅና ቀን ይንቀጠቀጥ የነበረው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቶ ከቀረ የክራንክሻፍቱ ሴንሰር፣ ሶኬቱ ወይም ገመዱ ላይ ጣትዎን ቢቀስሩ አይሳሳቱም። መርፌው እየተንቀሳቀሰ የፓምፑ ድምፅ ከሌለ ደግሞ የመካኒክዎ ምክር ወደ እውነት ይጠጋል፤ ሆኖም ፓምፑ ከመቀየሩ በፊት ፊውዙ፣ ሪሌው (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) እና ፓምፑ ሶኬት ላይ የሚደርሰው ቮልት ይታይ። ሁለቱም እንደ ወትሮው ሆነው አሥር ሰከንድ ካዞሩ በኋላ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዎን ከመታው፣ ነዳጁ እየደረሰ እሳቱ ጠፍቷል ማለት ሊሆን ይችላልና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨው ቦቢና ይመርመር።

መርፌው ዜሮ ላይ ከቀረ አንድ ቀላል ማረጋገጫ አለ። ሴንሰሩ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ቁልፉን ከመኪናዋ አውጥተው፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ይጫኑበትና እንደገና ይሞክሩ። አርባ ደቂቃ መጠበቅ የነበረባት መኪና በአምስት ደቂቃ ከተነሳች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሴንሰሩ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ወይም ከመኪናዋ ሥር ከሆነ ግን ይተዉት፤ ክንድ ማቃጠል አያስፈልግም።

ስለ ፓምፑ እንዲህ የምጠነቀቀው የራሴ ጥፋት ስላለብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ፀሐይ ላይ ቆማ ስትውል የማትነሳ መኪና ፓምፗ አይሠራም ብዬ ፓምፑን አስቀየርኩ፤ በሳምንቱ ያው ችግር ተመለሰ። በመጨረሻ የፓምፑን ሪሌ ከዳሽቦርዱ ሥር ነቅዬ የፕላስቲክ ሽፋኑን ከፈትኩ። በብርሃን ሳዘነብለው ከአንዱ እግር ዙሪያ ባለው ብየዳ ላይ ቀለበት የመሰለች ጥቁር ስንጥቅ ታየችኝ፤ ከእርሳስ ጫፍ አትበልጥም። የመኪናው ውስጥ በፀሐይ ሲግል ትከፈታለች፣ መስኮቱ ተከፍቶ ሲነፍስበት ትገጥማለች። በጠብታ ብየዳ ተፈወሰች፤ የተጣለው ፓምፕ ደግሞ ምንም አልነበረበትም። እርስዎም ሪሌዎን ለመፈተን ከፈለጉ፣ በብዙ መኪኖች እዚያው ሳጥን ውስጥ ቁጥሩ አንድ የሆነ ሌላ ሪሌ ይኖራልና ሁለቱን አቀያይረው ጥቂት ሳምንት ይንዱ።

የስርቆት መከላከያውም ሞተሪኖውን እያስዞረ ሞተሩን ሊከለክል ይችላል፤ ነገር ግን የቁልፍ ምስል ያለባት መብራት በዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ስትል ካላዩና በሁለተኛው ቁልፍ ሲሞክሩ ለውጥ ከሌለ፣ ከሙቀት ጋር በዚህ ዓይነት የተያያዘ ችግር ከእርሱ ይመጣል ብዬ አላስብም።

ያዩትን በወረቀት ጽፈው ለመካኒኩ ይስጡት፤ ምን ያህል ነድተው፣ ስንት ደቂቃ ቆማ፣ ፓምፑ ተሰምቶ ወይስ ሳይሰማ፣ መርፌው ተነቃንቆ ወይስ ተኝቶ። እርሱ ደግሞ ሴንሰሩ የሽቦ ጥምጥም ያለው ዓይነት ከሆነ በቴስተር ኦሙን ይለካል። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ኦም አካባቢ ይገኛል፣ ትክክለኛው ልክ ግን በመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ የተጻፈው ነው። ልኬቱ ሴንሰሩ ግሎ ሳለ መወሰድ አለበት፤ በብርድ ደኅና ሆኖ በሙቀት መስመሩ ጨርሶ ክፍት የሚሆን ከሆነ ተያዘ። ሦስት ሽቦ ያለው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት የሚሠራ ዓይነት ስለሆነ በኦም አይፈተንም፤ የእርሱ ምልክት ሞተሩ እየዞረ ሳለ መታየት አለበት። በዚያው አጋጣሚ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የኔጋቲቭ ገመድ ይጠረግ፣ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜም የባትሪው ቮልት ከ9.6 በታች እንዳይወርድ ይታይ። ከዚያ የወረደ እንደሆነ ሞተሪኖው እያዞረ እንኳ ኮምፒውተሩ ሥራውን ሊስት ይችላል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ከአሥር ሰከንድ በላይ በአንድ ጊዜ አያዙሩ፣ በመሐል ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉ፤ አለበለዚያ ሞተሪኖው ይግላል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ወደ ጭስ ማጣሪያው ሄዶ ያበላሸዋል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፦ ቆማ ሳለች ምልክቱን የሚያቋርጥ ሴንሰር እየነዱም ሊያቋርጠው ይችላል። በጉዞ ላይ ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ እገዛውን ያጣል። ስለዚህ «ጠብቄ አስነሳታለሁ» ብለው ለወራት የሚያቆዩት ችግር አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔዋ ደግሞ ተቃራኒ ናት። ሌሊቱን አድራ ጠዋት ስትነሳ ብቻ ለረጅም ጊዜ ማዞር ትፈልጋለች፤ ከተነሳች በኋላ ቀኑን ሙሉ ችግር የለባትም።

መልስ፦ ነገ ጠዋት ወዲያው አያዙሯት። ቁልፉን ከፍተው የፓምፑ ድምፅ እስኪቆም ይጠብቁ፣ ይዝጉት፣ እንዲህ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ከዚያ በኋላ ያስነሱ። ወዲያው ከተነሳች ሌሊቱን በመስመሩ ውስጥ ሊቆይ የሚገባው የነዳጅ ግፊት እየፈሰሰ ያድራል ማለት ነው። ግፊቱ በፓምፑ ውስጥ ባለው የመመለሻ መከላከያ ቫልቭ በኩል ወደ ታንከሩ ሊመለስ፣ ወይም በሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወደ ሲሊንደር ሊወርድ ይችላል። ስትነሳ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካላት ሁለተኛው ነው፤ በንጹሕ ከተነሳች ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ሦስት ጊዜ መክፈትና መዝጋቱ ምንም ለውጥ ካላመጣ ደግሞ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በስካነር ሁለት ቁጥሮችን ያስነብቡ፦ የሞተሩን ውሃ ሙቀትና ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት። ሌሊቱን ባደረች መኪና ሁለቱ እጅግ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የውሃው ሴንሰር 60 ዲግሪ እያለ የአየሩ 15 የሚል ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሞቀ መስሎት ለቀዝቃዛ ሞተር የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ነዳጅ እየከለከለው ነውና የውሃው ሙቀት ሴንሰር ከነሶኬቱ ይመርመር።