ከመሬት የለቀምከውን ቦሎቄ አትዝራ

የዛሬው ጠያቂ የአራት ኪሎ ልጅ ነው። ቢሮ ይሠራል፤ ዝዋይ አካባቢ ደግሞ የአባቱን መሬት ያሳርሳል። እንዲህ ይላል፦ «ነጭ ቦሎቄ እዘራለሁ። ልንነቅል ስንል ቅርፊቱ እየፈነዳ ፍሬው ይረግፋል። ዓመት ከዓመት እየባሰ ነው። ዘሩን መጀመሪያ የገዛሁት እህል በረንዳ ነው። አሁን ንጹሑን እሸጥና ከመሬት የተለቀመውን ለዘር አስቀምጣለሁ። ከማይረግፍ ዝርያ ጋር ራሴ ማዳቀል እችላለሁ?»

ትችላለህ ወንድሜ። ግን መጀመሪያ ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። ጥፋቱ እዚያው አለ።

እህል በረንዳ የሚሸጠው ቦሎቄ ለንፍሮ እንጂ ለዘር የተዘጋጀ አይደለም። ከየገበሬው የተሰበሰበ ድብልቅ ነው። ሁሉም ነጭ ስለሆነ አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ቶሎ የሚፈነዳም፣ ችሎ የሚቆይም አለ። ታዲያ ቀድሞ መሬት ላይ የሚወድቀው የትኛው ነው? የሚፈነዳው። አንተ በየዓመቱ እሱን ለቅመህ ትዘራለህ። ቦሎቄ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ እናቱን ይመስላል። ሳታውቀው ዝርያ ስትመርጥ ከርመሃል፤ የመረጥከው ግን የሚረግፈውን ነው። የጥንት ገበሬዎች ቦሎቄን ከዱር ያወጡት በተቃራኒው ነው። ቅርፊቱ ውስጥ የቀረውን እየሰበሰቡ ዘሩ።

ለምን ይፈነዳል? ቅርፊቱ በውስጥ በኩል እንጨት መሰል ስስ ሽፋን አለው። ክሮቹ ሰያፍ ናቸው። ሲደርቅ ይኮማተርና ሁለቱ ክፋዮች እንደ ጠመዝማዛ ሊዞሩ ይታገላሉ። ስፌቱ ሲሸነፍ ጧ ይላል። ይህን መጠምዘዝ የሚያጠነክር ፒዲኤች-1 የሚባል ዘረ-መል አለ፤ በአኩሪ አተርም በቦሎቄም ተገኝቷል። እሱ ከሥራ ውጭ የሆነበት ቦሎቄ ቢደርቅም ብዙ አይጠመዘዝም። በሰሜን ሜክሲኮ ደረቅ አገር የኖሩት፣ ፒንቶ የሚባለው ዝንጉርጉር ቦሎቄ ዘመዶች እንዲህ ናቸው።

ስለዚህ የዘንድሮን ማሳ ለሁለት ክፈለው። ትልቁን ክፍል ቅርፊቱ በብዛት ቢጫ ሲሆን፣ ክው ብሎ ሳይደርቅ፣ ጤዛ ሳይጠፋ በጠዋት ንቀለው። ሸራ ላይ አድርቀህ ውቃው። እሱ የገበያ ነው። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ክፍል ግን እንዳትነካት። ፀሐይ ይፍጃት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተህ ሂድና ያልፈነዱትን እግሮች ለይ። በሽታ ያለበትንና ፍሬው ያነሰውን ተወው።

ከእያንዳንዱ እግር ሃያ ያህል ደረቅ ቅርፊት ለፈተና ውሰድ። የቀረው ለዘር ይቀመጥ። የፈተናውን በየእግሩ በወረቀት ከረጢት አድርገህ አራት ኪሎ አምጣው። በፌስታል እንዳታደርገው! እኔ አንዴ በፌስታል ይዤ ፒያሳ ገባሁ። ላብ ይዞት ስለነበር አንድም አልፈነዳም። «የማይረግፍ ዘር አገኘሁ» ብዬ ለጓደኞቼ ቡና ጋበዝኩ። ከሳምንት በኋላ ሲደርቅ ሌሊት እንደ ፈንድሻ ተንጣጣ። አከራዬ አይጥ ነው ብለው ነቁ።

ዘዴው ቀላል ነው። ምድጃህን ወደ 60 ዲግሪ አድርገህ ቅርፊቶቹ አጥንት እስኪሆኑ አድርቅ። ምድጃ ከሌለህ የጥር ፀሐይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ይበቃል፤ ቀን ብቻ ይረዝማል። ከዚያ ከሃያው ስንት እንደተከፈተ ቁጠር። ምድጃ የገባውን ፍሬ ግን አትዝራ፤ ሙቀት ሊገድለው ይችላል። ጥሩ ውጤት ያመጣውን እግር የተቀመጠ ዘር ለብቻው በመስመር ዝራ። በሚቀጥለው ዓመትም ድገመው። አንድ ዓመት ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላልና።

መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ አዋሽ-1 ያለ የታወቀ ነጭ ዝርያ ብትጠይቅና ጎን ለጎን ብትዘራው ደግሞ ማነጻጸሪያ ይሆንሃል። ምናልባትም ድካሙን ሁሉ ያስቀርልሃል።

ማዳቀሉ የሚመጣው ከመረጥክ በኋላም የምትፈልገውን ካጣህ ነው። አበባው ሳይከፈት፣ ገና እምቡጥ እያለ ወንዴውን በወረንጦ ማውጣት አለብህ፤ ከተከፈተ በኋላ ራሱን አዳቅሎ ጨርሷል። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ቢረግፍ አትደንግጥ። አለመርገፍ ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚያልፍ ባሕርይ ነው። በአንድ ዘረ-መል ብቻ ከሆነ በሁለተኛው ትውልድ ከአራት አንዱ ላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሁለት መቶ እግር ብትዘራ ሃምሳ ያህል ጠብቅ።

አባት ፍለጋ ወደ ፎሶሊያ ግን አትሂድ። ክር የሌለው ፎሶሊያ፣ ካልቪን ኪኒ የተባለ አሜሪካዊ በ1894 እንዳወጣው ያለው፣ በእርግጥ አይፈነዳም። ችግሩ ለእሸት የተመረጠ መሆኑ ነው። ደረቁን ልትወቃ ስትል ቅርፊቱ ፍሬውን አልለቅም ይልሃል። አንተ የምትፈልገው ማሳ ላይ የሚታገሥ፣ አውድማ ላይ የሚለቅ ነው። ስለዚህ ስትመርጥ የተወሰነውን በእጅህ እያሸህ ሞክረው።

የእግሮቹን ቁጥር ደግሞ በእርሳስ ጻፍ። የእስክሪብቶ ቀለም ማሳ ላይ ፀሐይ ይበላዋል።