ኢንሱሊን ይዛችሁ ወደ ጅማ ለምትመጡ ወገኖቼ

ከውጭ አገር ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጅማ የምትመጡና በየዕለቱ ኢንሱሊን የምትወጉ ወገኖቼ፣ ሻንጣ ስታዘጋጁ ከስጦታው አስቀድማችሁ መድኃኒታችሁን አስቡ፤ ስጦታ ቢጎድል ይቅርታ ይጠየቅበታል፣ ኢንሱሊን ቢጎድል ግን ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ ያህሉን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙ። አየር መንገዱ በሚረከባችሁ ሻንጣ ውስጥ ሊጠፋም ሊቀዘቅዝም ይችላል፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አያገለግልም። የደም ጠብታ የሚነካበት ቀጭኑ መመርመሪያ (ስትሪፕ) ከደም ስኳር መለኪያው ዓይነት ጋር መግጠም ስላለበት፣ የእናንተውን ጅማ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኑ። የሰዓት ልዩነቱ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን መውጊያ ሰዓት ስለሚያዛባ ሳትነሡ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ከአዲስ አበባ በመኪና የምትመጡ ከሆነ፣ ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ሸለቆ ስትወርዱ ሙቀቱ ስለሚበረታ፣ ለምሳ ስትወርዱ መድኃኒቱን በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ።

ቤት ስትደርሱ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በፍሪጅ ይቀመጣል። ቤተሰብ ግን «እንዳይበላሽ» ብሎ በቅንነት በረዶ ቤቱ ውስጥ ሊከተው ስለሚችል፣ ቦታውን ራሳችሁ አሳዩ። መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ አብዛኛው የተከፈተ ኢንሱሊን ከፍሪጅ ውጭም ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የግብዣው ነገር ነው። ምሳ ደረሰ እየተባለ ቡናው ሊቀድም፣ እንግዳ ሊጠበቅ፣ ወጡ ሊዘገይ ይችላልና፣ ከምግብ ጋር የሚወጋውን ፈጣኑን ኢንሱሊን እንጀራው ፊታችሁ ሳይቀርብ አትውጉ፤ ምግቡ ከዘገየ የደም ስኳራችሁ ከመጠን በላይ ይወርዳል። ላብ ካጠመቃችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የመጣችሁ፣ የመለኪያችሁ አሃድ (mmol/L) እዚህ ከሚሠራበት (mg/dL) ስለሚለይ ቁጥሩን በ18 አባዙት፤ የእናንተ 7 እዚህ 126 ነው፣ ለሐኪም ስትናገሩም ይህን አትርሱ።

በቤቱ ካሉት ለአንዱ ሕመማችሁን ሳትደብቁ ንገሩት። ራሳችሁን ብትስቱ በአፋችሁ ምንም እንዳያፈስ፣ ማር እንኳ ቢሆን፣ ይልቁንም በጎናችሁ አስተኝቶ ወዲያው መኪና በመፈለግ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እንዲያደርሳችሁ አደራ በሉት፤ የምትወጉትን የኢንሱሊን ስምና መጠን የጻፋችሁበትን ወረቀትም አስቀድማችሁ ስጡት።